የሺሃረግና የግራዝማች ብስክሌት

በዚያ ክረምት ዝናቡ የየሺሃረግን የዕቃ ቤት ጣሪያ ይዞት ወረደ። ቦንጋ ላይ ዝናብ ጣሪያ ቢያፈርስ ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው በሐምሌ ሳይዘንብ ሲውል ነው። እሷም አልደነገጠችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ዝናቡንም ቆርቆሮውን የመታውን አናጢም በየተራ እየረገመች ገባች። ከፍርስራሹ ሥር የተሰበረ አልጋና አይጥ የወለደችበት ፍራሽ አወጣች። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ከግድግዳው ከነማንጠልጠያው የወደቀ ብስክሌት ተጋድሟል።

ብስክሌቱን በደንብ ታውቀዋለች። የሟች ባሏ የተስፋሁን ነበር፤ ከእሱ በፊት ደግሞ የአባቱ የግራዝማች ሀብተሥላሴ። ተስፋሁን በሕይወት ሳለ ያንን ብስክሌት ማንም እንዲነካው አይፈቅድም፤ ራሱም አይነዳውም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ያወርደዋል፣ ሲወለውለው ይውላል፣ መልሶ ይሰቅለዋል።

"ጌታ በተነሣ በማግስቱ አንተ ትሰቅላለህ" ትለው ነበር። እሱም እንደማይሰማ ሰው ዝም ይላታል። ዝም ማለት የተስፋሁን ዋና ሥራው ነበር።

የሺሃረግ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ዕድሜዋን ፈጅታ ጡረታ የወጣች፣ ግማሹን የቦንጋ ሰው በስሙ ሳይሆን በበሽታው የምታውቅ ሴት ናት። ትውልዷ ሺሺንዳ ነው፤ አባቷ በሺሺንዳ ገበያ ማርና ኮረሪማ የሚነግዱ የካፋ ሰው ነበሩ። የባሏ ቤተሰቦች ደግሞ ግራዝማች አባታችን ከመንዝ በበቅሎ መጡ እያሉ የሚያወሩ፣ በቅሎዋንም በስሟ የሚጠሩ ናቸው። የምራታቸውን ስም ግን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ "ያቺ ከሺሺንዳ የመጣችው" ነበረች።

ስለዚህ ብስክሌቱን ፎቶ አንሥታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፈው ብዙም አልከበዳትም። ግሩፑ "የግራዝማች ሀብተሥላሴ ዘር" ይባላል፤ ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል፣ ማታ ማታ የመርዶ ዜና የሚላክበት ነው። የሺሃረግ ከፎቶው ሥር እንዲህ ጻፈች፦ "ቆራሌው ሰኞ ይመጣል። የሚፈልግ ካለ ይውሰድ።"

ግሩፑ እሳት ተለኮሰበት። አዲስ አበባ ያለው የአጎት ልጅ ብስክሌቱ ከጣሊያን መኮንን የተማረከ መሆኑን ጻፈ። አዳማ ያለችው የተስፋሁን እህት "ምርኮ አይደለም፤ ጠቅላይ ገዢው ለአባባ የሰጧቸው ሽልማት ነው" አለች። ሌላው ከአስመራ በባቡር መጣ አለ፤ ከአስመራ ቦንጋ በየትኛው ባቡር እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም። ልውሰደው ያለም አልነበረም።

ወዲያው የቤቱ ታላቅ፣ የተስፋሁን ወንድም ጋሽ ገሠሠ ከዋጫ ደወሉ። ጋሽ ገሠሠ ከአስተዳደር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ጡረታው ግን ድምፃቸው ላይ ያልደረሰ ሰው ናቸው።

"የሺ! አብደሻል? እሱ እኮ ቅርስ ነው!"

"ይምጡና ይውሰዱት ቅርስዎን።"

"እኔ የት አደርገዋለሁ? ቤቱ ጠባብ ነው።"

"የእኔም ጠቧል፤ ጣሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል።"

ጋሽ ገሠሠ አልሰሟትም። ለመስቀል የግራዝማች ዘር በሙሉ ቦንጋ እንዲሰበሰብ መወሰኑን፣ ብስክሌቱም ታድሶ በክብር መታየት እንዳለበት እንደ መመሪያ አነበቡላት። "ታዲያ አንቺ እንዳትነካኪው፤ ለአንቺ የሚሆን ሥራ አይደለም። ሜካኒክ ፈልጊ" ብለው ዘጉት።

ሜካኒክ ፈልጊ ብቻ ቢሏት ኖሮ ትፈልግ ነበር። "ለአንቺ የሚሆን አይደለም" የሚለው ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ቆራሌው ሰኞ ሲመጣ ብስክሌቱን ሳይሆን የተሰበረውን አልጋ ሰጠችው። ከዚያ ብስክሌቱን እየጎተተች ወደ ዮናታን ሄደች።

ዮናታን ከባጃጅ መቆሚያው በታች በርና መስኮት የሚበይድ፣ አልፎ አልፎም ባጃጅ የሚጠግን ጎልማሳ ነው። የልጆቹን የክትባት ካርድ ሁሉ የጻፈችው እሷ ስለሆነች እንቢ ሊላት አይችልም።

"እትዬ የሺ፣ እኔ ብስክሌት ሠርቼ አላውቅም። እንዲያውም ነድቼም አላውቅ።"

"እኔም አላውቅ። ማን ማንን ይንቃል? በል መሣሪያህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና።"

በረንዳዋ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው ጀመሩ። ሐዋሳ ያለችው ልጇ ሰብሌ ከኢንተርኔት ቪዲዮ ትልክላቸው ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ፈረንጅ አሮጌ ብስክሌት እየፈታ ያፏጫል። የፈረንጁ ብሎኖች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይፈታሉ። የግራዝማች ብሎኖች ግን ከብረቱ ጋር ተጋብተው፣ ወልደው፣ ከብደው ነበር። የሺሃረግ በላምባ ነከረቻቸው፤ ቤቱ፣ ነጠላዋ፣ ሽሮዋ ሳይቀር ላምባ ላምባ አለ።

ከሁሉ የከፋው የግራው ፔዳል ነው። የቀኙ እያጉረመረመም ቢሆን ወጣ። የግራው ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ዮናታን መፍቻው ጫፍ ላይ ረጅም ብረት ሰክቶ ተንጠለጠለበት፤ የሺሃረግ ዮናታን ላይ ተንጠለጠለች። እሷ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለችም። በአጥሩ በኩል ያለፈች ጎረቤት ምን እንደመሰላት እግዜር ይወቅ፤ ብቻ አማትባ ሄደች።

ሰብሌ ስትደውል ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ የግራው እኮ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። እስካሁን እያጠበቃችሁት ነበር።"

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"ሠሪዎቹ ናቸዋ። ሲነዱት ራሱን እንዳይፈታ ነው።"

"የተስፋሁን ጠባይ ነው" አለች የሺሃረግ፣ ላቧን በመዳፏ እየጠረገች። "በገፉት ቁጥር ይጠብቃል።"

የኋላውን ቸርኬ መሐል ሲከፍቱት ደግሞ ግሪስ የለበሱ ትናንሽ የብረት ፍሬዎች ወጡ። የሺሃረግ በላምባ አጥባ ሰፌድ ላይ አሰጣቻቸው። ፍሬዎቹ በፀሐይ ሲያበሩ እህል መሰሉ፤ ቢያንስ ለቀይዋ ዶሮ መስለዋታል። ዘወር ብለው እስኪመለሱ ሰፌዱ ላይ የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

"እንረዳትና እናውጣቸዋ" አለ ዮናታን።

"በፍልሰታ? ጾም ነው እኮ!"

"እኔ ጴንጤ ነኝ እትዬ የሺ። ሥጋው እንዳይባክን እኔ አለሁ።"

"አንተ! በብስክሌት አሳበህ ዶሮዬን ልትበላ ነው?"

ጾሙ ዶሮዋን አዳናት። ዮናታን የጎደለውን ከአሮጌ የባጃጅ ኩሽኔታ ውስጥ እየፈለቀቀ፣ የገባውን እያስገባ፣ ያልገባውን እየተሳደበ ሞላው። ዶሮዋም ምንም አልሆነች።

አንድ ቀን ዮናታን ሳይመጣ ቀረና የሺሃረግ ብቻዋን ኮርቻውን ልታጸዳ ተቀመጠች። ተስፋሁን ከሞተ ወዲህ ሌላው ሁሉ ዝጎ ኮርቻው ብቻ ለስላሳ ነው፤ ቆዳው እንደ ሕፃን ጆሮ ይታጠፋል። ግራ ገብቷት አሸተተችው። ቅቤ ነው፤ ያውም የደህና ላም ቅቤ። ያን ጊዜ ገባት። በየዓመቱ ፋሲካ ባለፈ ቁጥር ከቅሏ ቅቤ ይጎድላል፤ በዚያ ጉድለት ስንት የቤት ሠራተኛ ተጠርጥራለች፣ አንዷማ አልቅሳ ሄዳለች። ለካ ዝምተኛው ባሏ በተቆለፈ በር ውስጥ የአባቱን ኮርቻ ቅቤ ሲቀባ ኖሯል።

"ለኔ ፀጉር አንድ ቀን ቅቤ ያላለ ሰውዬ!" አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ዓይኗ ሞላ። ባሏ እንደዚህ በቀስታ የሚነካው ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር። "አንተ ሌባ" አለችው፣ ኮርቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም።

ቀለሙን መፋቅ ሲጀምሩ ከላይ ያለው አረንጓዴ የቀበሌ በር የሚቀባበት ዓይነት ነበር። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ከሰማያዊው ሥር ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ መስመር። የሺሃረግ ወርቃማውን እስክታይ ብረት ቁንጅና ሊኖረው እንደሚችል አስባ አታውቅም። የፋብሪካው ስም የነበረበት ምልክት ግን ወልቆ፣ በቦታው ሁለት ቀዳዳ ቀርቷል። ሌላም ቀዳዳ ተገኘ፤ የኋላው ጭቃ መከላከያ በግራም በቀኝም በኩል ጠርዙን ተከትሎ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል።

ጋሽ ገሠሠ ሥራውን ለመቆጣጠር ሲደውሉ ጠየቀቻቸው።

"እሱማ ጥይት ነው!" አሉ ሳያቅማሙ። "አባባ ከሽፍታ ጋር ሲታኮሱ፣ በብስክሌት እያፈገፈጉ ሳለ ከኋላ የተተኮሰባቸው፣ ወፍ የሚታደንበት ደቃቅ ጥይት ነው።"

"ጋሽ ገሠሠ፣ ቀዳዳዎቹ እኮ እኩል እኩል ተራርቀው የተደረደሩ ናቸው። ሽፍታው በማስመሪያ ነበር እንዴ የሚተኩሰው?"

"አንቺ ሁሉን ነገር ታቃልያለሽ!" ብለው ዘጉት።

ሰብሌ የቀዳዳዎቹን ፎቶ የአሮጌ ብስክሌት አፍቃሪዎች በሚሰባሰቡበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ መልሱን ልትነግራት ደውላ ሳቅ አላስወራት አለ።

"እማዬ... ቀዳዳው ክር የሚታሰርበት ነው አሉ። ክሩ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ እንደ መረብ ይወጠራል።"

"ለምን?"

"ቀሚስ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ። የእንግሊዝ አገር ሥሪት ነው፤ የሴት ብስክሌት ነው አሉ እማዬ!"

የሺሃረግ ስልኩን ይዛ ብስክሌቱን ትኩር ብላ አየችው። የሴት ብስክሌትስ እሷም አይታለች፤ ለቀሚስ እንዲመች መሐሉ ዝቅ ያለ ነው። ይኼ ግን ከመሪው እስከ ኮርቻው ቀጥ ያለ ብረት የተጋደመበት የወንድ ብስክሌት ነው። ዮናታንን ጠርታ ያንን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስከ ጫፉ አስፈተገችው። አረንጓዴው ለቀቀ፣ ሰማያዊውም ለቀቀ። እዚህ ብረት ላይ ጥቁርም ወርቃማ መስመርም የለም። ሌሎቹ መጋጠሚያዎች እንደ ጌጥ ተጠርበው የገቡ ናቸው፤ የዚህ መጋጠሚያ ግን የፈሰሰ ገንፎ የመሰለ ብየዳ ነው። ዮናታን ጫፉን በጣቱ ዳሰሰና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይንከተከት ጀመር።

"እትዬ የሺ፣ ይኼ የውሃ ቧንቧ ነው! የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ሳይቀር አለ፤ ይኸው!"

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ግራዝማች ብስክሌቱን ከየትም ያግኙት ከየትም፣ የሴት መሆኑን ሳያውቁ ገቡበት። አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ሳቀባቸው። እሳቸውም ብስክሌቱን ከመጣል ይልቅ ሱሪ አስታጠቁት።

የሺሃረግ ለሁለት ቀን ያህል በነገሩ ተብሰለሰለች። ቧንቧውን ቀብታ ዝም ብትል የግራዝማች ዘር በደስታ ፎቶ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ማንም አይጎዳም። ግን እነሆ ሳምንታት ሙሉ በገዛ እጇ የፋቀችው ብስክሌት ነው፤ መሐሉን ባየች ቁጥር ያ ቧንቧ እንደ ውሸት ይታያታል። ደግሞም አንድ ጠዋት ሰው ሳያያት ልትወጣበት ሞከረች፤ ቀሚሷ ቧንቧው ላይ ተሰቀለ፣ እሷ ከብስክሌቱ ጋር ጎመኑ ውስጥ ገባች። ከጎመኑ እንደተነሣች ዮናታን ዘንድ ሄደች።

"ቁረጠው።"

"ጋሽ ገሠሠስ?"

"ጋሽ ገሠሠን አይደለም የምትቆርጠው፤ ቧንቧውን ነው።"

ቧንቧው ሲወጣ ከሥሩ ወደ ታች ጎበጥ ያለው የብስክሌቱ የራሱ ወገብ ለብቻው ጎልቶ ታየ፤ ያማረ ነበር። ጥቁር ቀለም ቀቡት። ጀማሪ ናቸውና ቀለሙ አንዳንድ ቦታ እንባ አወረደ፤ ወርቃማውንም መስመር የሺሃረግ በቀጭን ብሩሽ ስታሠምር እንደ ጊምቦ መንገድ ተጠማዘዘባት። ጎማና ካቴና አንድ የሚኒባስ ሾፌር ከጅማ አመጣላት። የጭቃ መከላከያው ቀዳዳዎች ላይ በጥቁር ሹራብ ክር መረቡን ራሷ ሠራችው፤ ይኼኛው ሥራ ብቻ ከፈረንጁ ቪዲዮ በልጦ ወጣ።

ጋሽ ገሠሠ መስቀል ዋዜማ ላይ ከዋጫ መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ "የት አለ?" አሉ። የሺሃረግ ሳሎን ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ገለጠችው። እሳቸው ግራና ቀኝ አዩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። ፊታቸው ቀላ።

"ላይኛው ብረትስ?"

"የውሃ ቧንቧ ነበር፤ አስቆረጥኩት። ብስክሌቱ የሴት ነው ጋሽ ገሠሠ።"

"የሺሃረግ!" ጮኹ። "አባቴን ሰለብሻቸው!"

በር ላይ ቆሞ የነበረው ዮናታን ወደ ውጭ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"እኔ ምኑን ሰለብኩ? የተተከለ ነው የነቀልኩት። ይኸው ቧንቧው ያለው፤ ካሰኙ ለመስቀሉ ደመራ ያቁሙት" ብላ ከጥግ አንሥታ አስጨበጠቻቸው።

ጋሽ ገሠሠ ቧንቧውን ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሊሰብሩት፣ ሊወረውሩት፣ ወይም ሊመቷት ያሰቡ መሰለ። ግን አገላበጡት፣ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ከአፋቸው የወጣው የሺሃረግ ያልጠበቀችው ነገር ነው።

"መንዳት እኮ አይችሉም ነበር።"

"ማን?"

"አባባ። አንድ ቀን ሞክረው ገበያ መሐል ወደቁ፤ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እየገፉ ነበር ፍርድ ቤት የሚሄዱት። እየገፉ ሄደው እየገፉ ይመለሳሉ። እኔና ተስፋሁን ከኋላ ከኋላ እንከተላለን፤ አንድ ሰው ከሳቀ ቤት ስንገባ የምንገረፈው እኛ ነን።" ጋሽ ገሠሠ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። "ተስፋሁን ደግሞ ሳቁን መያዝ አይችልም ነበር። እሱ ሳቀ ማለት ሁለታችንም አለቀልን።"

"ተስፋሁን? የኔ ተስፋሁን ይስቅ ነበር?"

"ሳቂታ ነበር እንጂ። እየተገረፈ ተወው።"

የሺሃረግ ተነሥታ ጠላ ቀዳችላቸው፤ ለዮናታን ለስላሳ። ሦስቱም ብስክሌቱን እያዩ ጠጡ። በመጨረሻ ጋሽ ገሠሠ ቧንቧውን ከሶፋው ጀርባ ጣሉትና፣ "ለሕዝቡ ግን ምን እንላለን?" አሉ።

"እርስዎ ታላቅ ነዎት፤ እርስዎ ይወቁበት" አለቻቸው።

አወቁበት። በመስቀል ቀን ድንኳኑ ሞልቶ፣ የግራዝማች ዘር ከአዲስ አበባም ከአዳማም ተሰብስቦ ሳለ፣ ጋሽ ገሠሠ ብስክሌቱ አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባታቸው ግራዝማች ሀብተሥላሴ ዘመናቸውን የቀደሙ ሰው እንደነበሩ፣ የካፋ ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲራመዱ በማሰብ ይህንን የሴት ብስክሌት ከእንግሊዝ አገር እንዳስመጡ፣ ሳይታክቱ እየገፉ በየመንደሩ እንዳስተዋወቁ ተናገሩ። ጭብጨባው ድንኳኑን አናወጠው። የአዳማዋ እህታቸው አለቀሰች፤ "እኔስ ትዝ ይለኛል" ብላ ጨመረችበት። የጣሊያኑ መኮንንና ጠቅላይ ገዢው በዚያው ተረሱ።

የሺሃረግ ድንኳኑ ዳር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማች። ልታስተባብል አሰበችና ተወችው። እንግዳው ሲሸኝ መንዳት መማር ጀመረች። በማለዳ፣ ተማሪዎች ሳይገቡ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዮናታን ኮርቻውን ይዞ ከኋላ እየሮጠ፣ እሷ "እንዳትለቀኝ!" እያለች። መጀመሪያ ጎል ብረቱ ውስጥ ገባች፤ በኋላ የጥበቃው ቤት ውስጥ፣ ከነጥበቃው። ጉልበቷ ቆሰለ፣ ክርኗ ተላጠ። የቤተ ክርስቲያን ተሳላሚዎች ቆመው አዩ፤ ስንቱን ታውቀዋለችና ጮክ ብሎ የሳቀባት አልነበረም። በሽታውን በአደባባይ ትጠራለች ብለው ፈርተው እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ቀን ሜዳውን ሙሉ ዙራ ስትመለስ ዮናታን ከኋላዋ አልነበረም። ጎል ብረቱ ጋ ቆሞ እጁን ኪሱ ከቷል።

"አንተ! መቼ ለቀቅከኝ?"

"ቆየሁ እኮ እትዬ የሺ።"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ለመቆም ፍሬን መያዝ ነበረባት፣ ፍሬን ለመያዝ ደግሞ ማሰብ ነበረባት። ስድቡን ለሚቀጥለው ዙር አቆይታ በአጠገቡ አለፈች።